የቲፕ አፕ ክር አመራረጥ፦ ለእጅ የሚሆነው ክርና ለዓሣ የሚሆነው ክር

በብርድ ወራት ገጻቸው በረዶ በሚሆን ሐይቆች ላይ ዓሣ ለማስገር ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ቲፕ አፕ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በበረዶው ላይ በተሰረሰረው ቀዳዳ አፍ ላይ መስቀለኛ እንጨት ወይም ክብ የፕላስቲክ ሰሌዳ ይጋደማል፤ ከእርሱ ወደ ታች በሚወርደው ዘንግ ጫፍ ላይ ክር የተጠመጠመበት ማጠንጠኛ ውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ከላይ ደግሞ ተለምጦ በማስፈንጠሪያ የተያዘ ባንዲራ አለ። ዓሣው ማማለያውን ይዞ ሲሄድ ማጠንጠኛው ይዞራል፣ ማስፈንጠሪያው ይለቃል፣ ባንዲራውም ቀጥ ብሎ ይቆማል። አስጋሪው ባንዲራውን ከሩቅ አይቶ ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በእጅ ነው፤ የሚለመጥ የማጥመጃ ዘንግ የለም፣ ዓሣው ሲታገል ክር እየለቀቀ የሚያደክመው ማሽንም የለም። በአስጋሪውና በዓሣው መካከል ያለው ነገር ክሩ ብቻ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ክር ሲገዛ ነው። በጥቅሎች ላይ የሚጻፈው መረጃ በአብዛኛው የታሰበው በዘንግና በማሽን ለሚያሰግር ሰው ነው፤ ቀጭንነት፣ ከፍተኛ ጥንካሬ፣ በውኃ ውስጥ አለመታየት የሚመሰገኑት ለዚያ አሠራር ስለሚጠቅሙ ነው። ለዘንግ እጅግ ጥሩ የተባለው ክር በቲፕ አፕ ላይ ጣት ሊቆርጥ፣ በረዶው ላይ ተጠቅልሎ ሊተበተብ ወይም ደርቆ እንደ ሽቦ ሊገተር ይችላል። በሌላ በኩል ለእጅ የሚመቸው ወፍራምና ጥቁር ክር እስከ መንጠቆው ድረስ ከተዘረጋ ዓሣው አይቶት ይሸሻል።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ አቋም ከመነሻው ግልጽ ይሁን፦ የቲፕ አፕ ክር አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። በማጠንጠኛው ላይ የሚጠመጠመው ዋናው ክር የሚመረጠው ለእጅና ለብርዱ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ እስከ መንጠቆው የሚደርሰው አጭር የጫፍ ክር፣ አስጋሪዎች ሊደር የሚሉት፣ የሚመረጠው ለዓሣው ነው። ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት አንዱን ክር ሁለቱንም ሥራ እንዲሠራ ሲጠይቁት ነው።

ዋናው ክር በምን ይመዘናል?

የመጀመሪያው መስፈርት በባዶና በረጠበ እጅ ሲያዝ ያለው ጠባይ ነው። ዓሣው የሚወጣው ክሩን እጅ በእጅ እየተቀባበሉ በመሳብ ሲሆን፣ ሲሮጥ ደግሞ ክሩ በጣቶች መካከል እየተንሸራተተ ይለቀቃል። ቀጭን ክር በዚህ ጊዜ እንደ ቢላ ይሆናል። በጥቅሉ ላይ የተጻፈውን የፓውንድ ቁጥር ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ የሚያነበውም እዚህ ላይ ነው። 30 ፓውንድ ማለት ክሩ የሚበጠሰው በ13.6 ኪሎ ገደማ ሸክም ነው ማለት ነው፤ ነገር ግን አስጋሪው ባለ 30 ፓውንድ ዳክሮን፣ ማለትም ከፖሊስተር የተጎነጎነ ክር፣ የሚገዛው ያን ያህል ከባድ ዓሣ ስለሚጠብቅ ሳይሆን፣ ክሩ ለመጨበጥ የሚበቃ ውፍረት ስላለው ነው። በዋናው ክር ላይ ቁጥሩን እንደ ጥንካሬ ሳይሆን እንደ ውፍረት ምልክት ማንበብ ይሻላል፤ ይህም የሚሠራው አንድ ዓይነት ጥሬ ዕቃ ያላቸው ክሮች ሲወዳደሩ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ፖሊኢትሊን ስንደርስ እናየዋለን።

ሁለተኛው መስፈርት ክሩ ውኃ መያዙና በረዶ መልበሱ ነው። ውኃ ከሁሉ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ፣ በበረዶ በተሸፈነ ሐይቅ ውስጥ ሞቅ ያለው ውኃ ከታች ይተኛል፣ ከበረዶው ሥር ያለው ደግሞ ለ0 ዲግሪ ቢቀርብም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ማጠንጠኛው በውኃ ውስጥ እንዲሆን የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው፤ እዚያ እስካለ ድረስ ክሩ አይረጋም። የሚረጋው ዓሣው ሲጎተት ወጥቶ በረዶው ላይ የተዘረጋው ክር ነው። በኃይለኛ ብርድ ይህ የሚሆነው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ የረጋው ክር ደግሞ ተመልሶ በማጠንጠኛው ላይ በደንብ አይጠመጠምም፣ በሚቀጥለው ዓሣ ጊዜም አንዱ ዙር በሌላው ላይ ተጣብቆ ማጠንጠኛውን ሊያስቆም ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮች አሉ። ናይለን ውኃን በራሱ በአካሉ ውስጥ ይመጥጣል፤ ሲርስም ጥንካሬው በመጠኑ ይቀንሳል። ፖሊስተር ግን በአካሉ የሚመጠው ውኃ እጅግ ጥቂት ነው፤ የፖሊስተር ክር ርሶ የሚወጣው ከብዙ ቀጫጭን ጭረቶች (ፋይበሮች) የተጎነጎነ ስለሆነና ውኃው በጭረቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ስለሚያዝ ነው። የጉንጉን ክር አምራቾች ልባጥ የሚጨምሩት ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው።

ሦስተኛው መስፈርት የተጠመጠመበትን ቅርጽ አልለቅ ማለቱ ነው። ከትንሽ ማጠንጠኛ የወጣ ነጠላ የናይለን ክር በብርድ ጊዜ እንደ ምንጭ ሽቦ እየተጠቀለለ ይቀራል፤ በረዶው ላይ በጫማ አካባቢ ሲከማች ነፋስ ያንቀሳቅሰዋል፣ ከዚያም መተብተብ ይመጣል። ጉንጉን ክር ግን በወጣበት ይተኛል።

አራተኛው መለጠጥ ነው፤ ይህን መስፈርት በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አስጋሪው መንጠቆውን ለማስያዝ በእጁ የሚስበው ርቀት ከአንድ ሜትር አይበልጥም። ዓሣው ክሩን 15 ሜትር ይዞ ሄዶ ከሆነና ክሩ 5 ከመቶ ብቻ ቢለጠጥ 75 ሳንቲ ሜትሩን መለጠጡ ይበላዋል፤ ለመንጠቆው የሚደርሰው የቀረው ነው። ናይለን በከባድ ጉተታ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይለጠጣል። ረጅም ዘንግ የያዘ ሰው ይህን ጉድለት በዘንጉ ያካክሰዋል፤ በእጅ የሚስብ ሰው ግን የሚያካክስበት ነገር የለውም።

የቀሩት መስፈርቶች፣ ማለትም በቀዳዳው ጠርዝ መፋቅን መቋቋም፣ በነጭ በረዶ ላይ ለአስጋሪው ዓይን መታየት፣ የቋጠሮ ቅለት፣ ዕድሜና ዋጋ፣ በየክሩ ሥር ይመጣሉ። በዋናው ክር ላይ ለዓሣ አለመታየት መስፈርት አይደለም፤ ያ የጫፉ ክር ሥራ ነው።

የተጎነጎነ ዳክሮን

ዳክሮን በመጀመሪያ ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ለፖሊስተር ጭረት ያወጣው የንግድ ስም ነበር፤ በአስጋሪዎች ዘንድ ግን ከዚህ ጭረት የሚጎነጎነው ክር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ለቲፕ አፕ የቆየው ክር ይህ ነው፤ እስከ ዛሬም ከሥራ ያልወጣበት ምክንያት አለ። ለመጨበጥ ወፍራም ነው፣ ለስላሳ ነው፣ በረዶው ላይ ሲጣል እንደ ልቃቂት ክር ተዘርግቶ ይተኛል፣ ከናይለን ያነሰ ይለጠጣል፣ ከውኃ ስለሚከብድም ይሰምጣል። ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ያለው ዓይነት በነጩ በረዶ ላይ በግልጽ ስለሚታይ አስጋሪው በጫማው አይረግጠውም። በቀዳዳው ሹል ጠርዝ ሲታሽ ጥቂት ጭረቶች ቢበጠሱም የቀሩት ሸክሙን ይይዛሉ፤ መበላሸቱም በላዩ ላይ በሚታየው ጸጉር ስለሚያስታውቅ በድንገት አይከዳም።

ድክመቱ መርጠቡ ነው። ያልተለበጠ ዳክሮን ውኃ ይዞ ይወጣል፤ ብርዱ ሲበረታ ይገተራል። የረጋውን ክር በጣቶች መካከል እየሳቡ በረዶውን ማራገፍ ይቻላል፤ ከዚያ የሚሻለው ግን ወዲያው ወደ ውኃው መመለስ ነው፤ ውኃው ውስጥ በገባ በጥቂት ጊዜ በረዶው ይለቀዋል። በእኔ ግምት ይህ ድክመት ብርዱ መካከለኛ በሆነበት ቀን ከሚገባው በላይ ይጋነናል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ከነፋስ ጋር ግን ማጋነን አይደለም።

የተለበጠ የቲፕ አፕ ክር

ይህ በመሠረቱ ያው ጉንጉን ክር ሆኖ በቪኒል፣ በቴፍሎን ወይም በሌላ ውኃ በማያስገባ ነገር የተለበጠ ነው። በሁለት ይከፈላል፤ በጥቅሉ ላይ ሁለቱም በተመሳሳይ ቃል ስለሚጠሩ ገዢው በእጁ ዳስሶ መለየት አለበት። አንደኛው በቀጭን ልባጥ የተነከረ ሲሆን ጠባዩ ከዳክሮን ብዙም አይርቅም፤ ለስላሳነቱ እንዳለ ሆኖ የሚይዘው ውኃ ይቀንሳል። ሁለተኛው ውስጡ ጉንጉን፣ ውጪው ወፍራም የፕላስቲክ ቆዳ የሆነ ክር ነው፤ ውኃ ፈጽሞ አይገባውም፣ የረጋበት በረዶም ጎንበስ ሲያደርጉት ተሰንጥቆ ይረግፋል፣ ለቀዘቀዘ እጅም ከሁሉ ይመቻል።

የወፍራሙ ዋጋ የሚከፈለው በሌላ በኩል ነው። ቦታ ስለሚይዝ በአንድ ማጠንጠኛ ላይ የሚገባው ርዝመት ያንሳል፤ በብርድ ከዳክሮን ይልቅ ይገተራል፤ ቋጠሮውም ትልቅ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን ልባጡ ሲሰነጠቅ ጥቅሙ ያበቃል፤ ውኃ በስንጥቁ ይገባል፣ ውስጥ ሆኖ ይረጋል፣ ስንጥቁንም ያሰፋል። በበጋ ወራት ከማጠንጠኛው ሳይፈታ የቆየ የቪኒል ክር ሲዘረጋ በየታጠፈበት መሰንጠቁን ማየት የተለመደ ስለሆነ፣ ያገለገለ ቲፕ አፕ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ የሚፈትሸው ይህን ይሁን።

የተጎነጎነ ፖሊኢትሊን፣ ማለትም ሱፐርላይን

ዳይኒማ እና ስፔክትራ በሚባሉ የንግድ ስሞች ከሚታወቁት ጭረቶች የሚጎነጎነው ይህ ክር በጥንካሬ ተወዳዳሪ የለውም። ባለ 30 ፓውንዱ ውፍረቱ ከባለ 8 ፓውንድ ናይለን ጋር ይቀራረባል፤ መለጠጡም እጅግ ጥቂት ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ምርጫው ያለቀ ይመስላል።

ነገር ግን ለዘንግ ጸጋ የሆነው ቀጭንነት ለእጅ መርገም ነው። ትልቅ ዓሣ ሲሮጥ በረጠበ ጣት ላይ የሚሄድ እንዲህ ያለ ክር ቆዳ ይቆርጣል፤ በእጅ ላይ መጠምጠም ደግሞ በማንኛውም ክር ክልክል ቢሆንም በዚህኛው በተለይ አደገኛ ነው። በቀዳዳው ጠርዝም ላይ እንደ መጋዝ በረዶውን እየቀደደ ይገባና ይያዛል። ጥግግቱ ከውኃ ያነሰ፣ 0.97 ገደማ በመሆኑ ይንሳፈፋል፤ በእርሳስ ክብደት ካልተወጠረ ቀዳዳው ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ከበረዶው ሥር ሊጣበቅ ይችላል። ጭረቱ ውኃን ቢጠላም ጉንጉኑ ውኃ ይይዛልና አይረጋም የሚለውም ግማሽ እውነት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቦታ አለው። ጥልቅ ውኃ ላይ ትልልቅ ዓሣ ለሚፈልግና ማጠንጠኛው ትንሽ ለሆነበት ሰው ብዙ ሜትር ክር የሚይዝለት ይህ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ለጥንካሬ ሳይሆን ለውፍረት ሲባል ባለ 65 ወይም ባለ 80 ፓውንዱን መግዛትና ላስቲክ የተቀባ ጓንት ማድረግ ያስፈልጋል።

ነጠላ ናይለን፣ ማለትም ሞኖፊላመንት

ናይለን በ1935 በዱፖንት ቤተ ሙከራ በዋላስ ካሮዘርስ ከተሠራ ወዲህ የማጥመጃ ክርን ታሪክ የለወጠ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል፣ ቋጠሮው ይጠብቃል፣ አንድ ወጥ ዘንግ ስለሆነም በጉንጉን ክፍተት የሚይዘው ውኃ የለም፣ በላዩ የሚረጋው በረዶ በጣት ይረግፋል። ሆኖም ለቲፕ አፕ ዋና ክርነት ሁለቱ ትልልቅ ጉድለቶቹ፣ መለጠጡና በብርድ ተጠቅልሎ መቅረቱ፣ ቀደም ሲል የተነገሩት ናቸው። እንደ ፐርች እና ክራፒ ላሉ ትንንሽ ዓሦች በጥልቀት ከጥቂት ሜትር በማይበልጥ ውኃ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ እነዚህ ዓሦች ለስላሳ አፍና ደካማ ጉተታ ስላላቸው የክሩ መለጠጥ መንጠቆው አፋቸውን እንዳይቀድ ያግዛል፤ ወፍራም ዳክሮን ደግሞ ለእንዲህ ያለ ቀላል ንክሻ ይከብዳል። ስለዚህ ባለ 8 ወይም ባለ 10 ፓውንድ ናይለን ብቻውን ይበቃል።

ናይለን የሚያሸንፍበት ሌላም ቦታ አለ። ማጠንጠኛቸው ከውኃው በላይ ሆኖ በነፋስ እየተወዛወዙ ማማለያውን በሚያንቀሳቅሱ ቲፕ አፖች ላይ የረጠበ ጉንጉን ክር አየር ላይ ይረጋል። በሚሞቅ መጠለያ ውስጥ ለሚያሰግር ሰው ግን የመርጋት ጉዳይ ከነአካቴው ይቀራልና ምቾት ያለውን መምረጥ ይችላል።

የጫፉ ክር፦ ዓሣው የሚያየውና የሚነክሰው

እዚህ መስፈርቶቹ ይገለበጣሉ። የእጅ ምቾትም መርጋትም ከጉዳይ አይገቡም፤ ክሩ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ነውና። የሚጠየቀው ዓሣው ክሩን ያየዋል ወይ፣ ጥርሱስ ይቆርጠዋል ወይ የሚለው ነው።

ከመታየት አንጻር ፍሎሮካርቦን ቀዳሚ ነው። ብርሃን በውኃ ውስጥ የሚሰበርበት መጠን 1.33 ሲሆን በፍሎሮካርቦን 1.42፣ በናይለን ደግሞ 1.53 አካባቢ ነው፤ ቁጥሩ ለውኃው በቀረበ መጠን ክሩ ያነሰ ይታያል። ፈጽሞ አይታይም የሚለው የማስታወቂያ ቃል ግን ከቁጥሩ ጋር አይስማማም። ጥግግቱ 1.78 ገደማ ስለሆነ በፍጥነት ይሰምጣል፤ ውኃ ስለማይመጥ ርሶ አይደክምም፤ ከናይለን ይልቅም መታሸትን ይችላል። ግትር ስለሆነ ቋጠሮው ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ወይም በውኃ መራስ አለበት፤ ደረቅ ሆኖ የተጠበቀ የፍሎሮካርቦን ቋጠሮ በፍትጊያ ሙቀት ይጎዳል። ለዋና ክርነት የሚገዛው ሰው ግን ገንዘቡን ያባክናል፤ ውድ ነው፣ በብርድም ከናይለን ባልተናነሰ ይጠቀለላል።

ዎልአይ የሚባለው ዓሣ ዓይኑ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለው በጎህና በምሽት ያድናል፤ ለእርሱ ከ8 እስከ 12 ፓውንድ ያለው ፍሎሮካርቦን ከ1 እስከ 2 ሜትር ርዝመት ይበቃዋል። የሐይቅ ትራውት በጠራና በጥልቅ ውኃ ስለሚኖር የጫፉ ክር ወደ 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ቢረዝም ይመረጣል፤ ጥንካሬውም ከ10 እስከ 15 ፓውንድ ይሁን።

ፓይክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጥርሱ ምላጭ ስለሆነ ቀጭን ፍሎሮካርቦንን በአንድ ንክሻ ይቆርጣል፤ የጠፋው ዓሣ ብቻ ሳይሆን መንጠቆ በጉሮሮው ይዞ የሄደ ዓሣ ነው። ምርጫው በሁለት መካከል ነው። አንደኛው ከሰባት ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደ የብረት ክር ሲሆን ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃዋል፤ አይቆረጥም፣ ግን ይታያል፣ አንዴ ከተጣመመም አይቀናም። ሁለተኛው ከ60 እስከ 80 ፓውንድ ያለው ወፍራም ፍሎሮካርቦን ነው፤ ያነሰ ይታያል፣ ከቀጭኑም በብዙ ይሻላል፣ ዋስትና ግን አይሰጥም፤ ከእያንዳንዱ ፓይክ በኋላ በጥፍር ዳስሶ የተጫረውን ቆርጦ መጣል የማይሰንፍ ሰው ብቻ ይምረጠው። ውኃው የደፈረሰ ከሆነ ወይም አስጋሪው ጀማሪ ከሆነ ያለ ማመንታት ብረቱን እመክራለሁ። በሞተ ዓሣ የሚያሰግር ሰው ደግሞ ሁለት ባለሦስት ጣት መንጠቆዎች በአንድ ሽቦ ላይ የተሰኩበትን ቢጠቀም ዓሣው እስኪውጥ ሳይጠብቅ ወዲያው መሳብ ይችላል።

የጫፉ ክር ከዋናው ክር የደከመ መሆን ይገባዋል። ማማለያው በሥራሥር ወይም በግንድ ቢያዝና መበጠስ ግድ ቢሆን የሚጠፋው አንድ ሜትር የጫፍ ክር ይሆናል እንጂ በእጅ የተመረጠው ዋና ክር አይሆንም። ባለ 80 ፓውንድ ፍሎሮካርቦንን ከባለ 30 ፓውንድ ዳክሮን ጋር የሚያያይዝ ሰው ይህን ሕግ ይጥሳልና ለፓይክ ሲባል ዋናውንም ክር ወደ 50 ፓውንድ ማሳደግና ከግንድ ራቅ ማለት ይኖርበታል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| የክር ዓይነት | በእጅ ሲሳብ | ውኃ መያዝና መርጋት | መለጠጥ | በረዶ ላይ መተብተብ | አንጻራዊ ዋጋ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ያልተለበጠ ዳክሮን | በጣም ምቹ | ይይዛል፣ ይረጋል | ጥቂት | እምብዛም | ዝቅተኛ | ለአብዛኛው ሥራ፣ ለመካከለኛ ብርድ |
| በቀጭኑ የተለበጠ ጉንጉን | በጣም ምቹ | ጥቂት ይይዛል | ጥቂት | እምብዛም | መካከለኛ | ለዎልአይ፣ ለትራውት፣ ለብርቱ ብርድ |
| የቪኒል ቆዳ ያለው | ከሁሉ ምቹ | ልባጡ እስካለ አይይዝም | ጥቂት | መካከለኛ | ከፍ ያለ | ለፓይክ፣ ጥልቀት ለሌለው ውኃ |
| ሱፐርላይን | አስቸጋሪ፣ ጓንት ይፈልጋል | በመጠኑ ይይዛል | እጅግ ጥቂት | በነፋስ ይጨምራል | ከፍ ያለ | ለጥልቅ ውኃና ለትንሽ ማጠንጠኛ |
| ነጠላ ናይለን | መካከለኛ፣ ሲቀጥን ይጎዳል | በላዩ ይረጋል፣ ይረግፋል | ብዙ | ብዙ ጊዜ | ከሁሉ ዝቅተኛ | ለፐርች፣ ለክራፒ፣ ለሞቀ መጠለያ |
| ፍሎሮካርቦን | ለእጅ አይደለም | አይመጥም | መካከለኛ | ብዙ ጊዜ | ከሁሉ ከፍተኛ | ለጫፍ ክር ብቻ |

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

ገና የሚጀምርና አንድ ክር ብቻ መግዛት የሚፈልግ ሰው ባለ 30 ፓውንድ ጥቁር ዳክሮን ይግዛ፤ ከተረፈው ገንዘብ ደግሞ አንድ ትንሽ ጥቅል ባለ 10 ፓውንድ ፍሎሮካርቦንና ሁለት ሦስት የብረት ጫፍ ክሮች ይጨምር። በዚህ ዝግጅት የጫፉን ክር ብቻ እየቀየረ ከፐርች በስተቀር ሁሉንም ሊሞክር ይችላል። ገንዘብ ያጠረው ሰው ከዋናው ክር ይቀንስ እንጂ ከጫፉ አይቀንስ፤ ያረጀ ዳክሮን የፊቱ ጥቂት ሜትር ተቆርጦ ወይም ጫፍ ለጫፍ ተገልብጦ ተጠምጥሞ ሌላ ወቅት ያገለግላል፣ የተጫረ ፍሎሮካርቦን ግን ለአንድ ቀንም አይታመንም።

ብርዱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪና ከዚያ በታች በሚውልበት ሐይቅ ላይ ሜዳ ላይ ቆሞ ለሚያሰግር ሰው በተለበጠው ላይ የሚጨምረው ገንዘብ የሚያዋጣ ነው። ፓይክን ብቻ የሚፈልግ፣ ከ1 እስከ 3 ሜትር ጥልቀት ባለው ሣራማ ውኃ ላይ የሚያጠምድ ሰው የቪኒሉን ክር ቢወስድ የማጠንጠኛው መጥበብ አያስቸግረውም። የሐይቅ ትራውትን በ20 ሜትር ጥልቀት የሚከተል ግን ቪኒሉን ይተወው፤ በቀጭኑ የተለበጠው በትልቅ ማጠንጠኛ ላይ ካልበቃው ወደ ሱፐርላይኑ ይሂድ። ከልጆች ጋር የሚወጣ ሰው ሱፐርላይንን ፈጽሞ አይጠቀም።

ለአንድ ሰው የሚፈቀደው የማጥመጃ ክር ቁጥር በየቦታው ይለያያል፤ ለምሳሌ ከአሜሪካ ግዛቶች በበረዶ ላይ በሚኒሶታ 2፣ በዊስኮንሲን 3 ነው። ቁጥሩ እንዲህ ጥቂት በሆነበት ቦታ ሁሉንም ቲፕ አፕ በአንድ ዓይነት የጫፍ ክር ከማዘጋጀት ይልቅ አንዱን በብረት፣ ሌላውን በፍሎሮካርቦን አድርጎ ጀምሮ የዕለቱ ዓሣ የትኛውን እንደሚመርጥ ማየት ይጠቅማል።

ሲጠመጠምና ሲያያዝ

ዋናው ክር በማጠንጠኛው ላይ ሲጠመጠም እስከ አፉ አይሙላ፤ የሞላ ክር ወጥቶ በዘንጉ ላይ ይጠመጠምና ዓሣው ሲስብ ማጠንጠኛው እንዳይዞር ያደርጋል። ሱፐርላይን ራቁቱን ማጠንጠኛ ላይ ስለሚንሸራተት ከሥሩ ጥቂት ሜትር ናይለን መጠምጠም አለበት። ዋናውና የጫፉ ክር በትንሽ ስዊቭል፣ ማለትም በሚሽከረከር የብረት ማያያዣ፣ ቢገናኙ የጫፉን ክር መቀየር ይቀላል፣ ሕያው ማማለያ ዓሣ ሲዞርም ክሩ አይጠማዘዝም፤ በዋናው ክር ላይ የሚንሸራተት እርሳስ ካለም ስዊቭሉ ያቆመዋል። ለጉንጉን ክር ፓሎማር የሚባለው ቋጠሮ አስተማማኝ ነው፤ ለናይለን የሚበጀው ክሊንች በሱፐርላይን ላይ ይንሸራተታል።

ጥልቀቱ አንድ ጊዜ በእርሳስ ከተለካ በኋላ በዋናው ክር ላይ ትንሽ የልብስ ቁልፍ ወይም የክር ቋጠሮ ምልክት ቢደረግ ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ እንደገና መለካት አያስፈልግም። ዳክሮን ምልክቱን አጥብቆ ይይዛል፤ በቪኒልና በሱፐርላይን ላይ ግን ስለሚንሸራተት ሁለት ጊዜ መቋጠር አለበት።

ባንዲራው ሲነሳ ቲፕ አፑ ቀስ ብሎ ከቀዳዳው ወጥቶ በነፋሱ በኩል ይቀመጥ፤ የሚሳበው ክር ደግሞ በተቃራኒው፣ ነፋሱ በሚሄድበት ጎን፣ በሰፋፊ ዙር በበረዶው ላይ ይዘርጋ። አመዳዩ አዲስና ለስላሳ ከሆነ ቀድሞ በጫማ ጠረግ ማድረግ ይበጃል፤ የረጠበ ዳክሮን ለስላሳ አመዳይ ላይ ከተጣለ ጥጥ የነካው እስኪመስል ይለብሰዋልና። ከሐይቁ ሲመለሱ ክሩ ከነማጠንጠኛው በሳጥን ውስጥ ረጥቦ አይደር፤ ቤት ውስጥ ጥቂት ሜትር ፈትቶ ወንበር ላይ ማድረቅ ይበቃል። ነጠላ ናይለን በየወቅቱ መጀመሪያ ይቀየር፤ ዳክሮንና የተለበጠ ክር ጸጉር ወይም ስንጥቅ እስኪታይባቸው ድረስ ይቆያሉ፤ ፍሎሮካርቦኑ ግን ከእያንዳንዱ ትልቅ ዓሣ በኋላ በጣት ይዳሰስ፣ ሻካራ ከሆነም ከነስዊቭሉ ተፈትቶ አዲስ ይታሰር።